የእትዬ እጅ

ሥራ እንደ ዝናብ ነው። አንዳንዱ ላይ ዕድሜውን ሙሉ ያካፋል፤ አንዳንዱ ላይ ደግሞ ጣራው ካረጀ በኋላ ዶፉን ይለቅበታል። ተዋናይቷ ላይ የለቀቀባት ሰባ ዓመቷን ከደፈነች ወዲህ ነው። እስከዚያ ድረስ በመድረክ ላይ የነበራት ድርሻ በር መክፈት፣ ሻይ ማቅረብና ጎረቤት ሆኖ ማልቀስ ነበር። "እንግዳ መጥቷል" ለማለት ብቻ ስንት ቀን ፊቷን እንደተቀባች እሷም አታውቀውም። ከዚያ በአንድ ፊልም ላይ ግማሽ ጎኗ የማይታዘዝላት እናት ሆና ተጫወተች፤ ያየ ሁሉ አለቀሰ፤ ከዚያ ወዲያ ሻንጣዋ በወጉ ተፈትቶ አያውቅም።

አንድ ሰሞን ከፊልሙ ጋር ከውድድር ወደ ውድድር ዞረች። ስትመለስ ባርኔጣ ለተከታታይ ድራማ ፈለጋት። ባርኔጣ የምንለው ዳይሬክተሩን ነው፤ ሲተኛም አያወልቃትም እየተባለ ይታማል። ድራማው ሳያልቅ የመድኃኒት ማስታወቂያ መጣ፤ ማስታወቂያው ሳይጠናቀቅ አንድ የቲያትር ቡድን በአውቶቡስ ጭኖ ከከተማ ከተማ ያዞራት ጀመር። ሆቴል ከመለዋወጧ ብዛት ጠዋት ስትነቃ በሩ በየት በኩል እንደሆነ ጠፍቷት ግድግዳ ትዳብሳለች። ጉልበቷ ይንቋቋል፣ እግሯ ያብጣል። ግን "ደከመኝ" አትልም፤ ዕድሏ ሰምቶ የሚሸሽ ይመስላታል።

ሰው የሚያየው ይሄንን ነው። ሆዷ የሚያውቀው ሌላ ነው።

ታላቅ እህቷ፣ እትዬ የምትላት፣ ልብስ ሰፊ ነበረች። ባለሙያ ብቻ ሳትሆን ኩሩ ባለሙያ፤ ደንበኛ "ትንሽ ጠበበኝ" ሲላት "ልብሱ አልጠበበም፣ አንተ ሰፋህ" ብላ የምትመልስ። ሁለቱ እህቶች ባሎቻቸውን ከቀበሩ በኋላ ከእትዬ ልጅ ጋር ባንድ ጣራ ሥር ይኖራሉ። አንድ ማለዳ እትዬ ከአልጋዋ ልትነሳ ስትል ቀኝ ጎኗ አልነሳም አለ። ስትሮክ ነው ተባለ። እግሯ በምርኩዝም ቢሆን ተመለሰላት፤ አንደበቷም ውሎ አድሮ ተፈታ። ቀኝ እጇ ግን፣ ያ መቀስ ይዞ መስመር የማይስት እጅ፣ ጭኗ ላይ እንደ ወደቀ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ እትዬ ከደጅ ወጥታ አታውቅም። በር ሲንኳኳ "ማነው?" ከማለቷ በፊት እጇን በሻሏ ትሸፍናለች። አንዴ የድሮ ደንበኛዋ ልትጠይቃት መጥታ "እስቲ እጅሽን ልየው" ብትላት "እኔን ነው የምትጠይቂው ወይስ እሱን?" አለችና ሴትዮዋ ሻይዋን እንኳን ሳትጨርስ ሄደች። የዚያን ዕለት ለእህቷና ለልጇ ቁርጡን ነገረቻቸው። "እኔን ይዩኝ። እሱን ግን ማንም እንዲያይብኝ አልፈልግም።" ይህ የቤቱ ሕግ ሆነ።

ባርኔጣ ያንን ፊልም ይዞ የመጣው በዚህ መሐል ነው። "እማማ፣ ግማሽ ጎኗ የሰነፈ እናት ናት። ይሞክሩት፤ ካልሆነ ሌላ ሰው አለኝ" አላት። እንዲህ በግልጽ የሚናገር ሰው ይወደድ ይጠላ አይታወቅም። እሷ ግን "ሌላ ሰው አለኝ" የምትለዋ ነገር አንጀቷ ውስጥ ገባች። ዕድሜዋን ሙሉ ያ ሌላ ሰው ነበር ዋናውን ቦታ ሲወስድባት የኖረው።

ተዋናይቷ ደግሞ ከባዶ አትነሳም። አሠራሯ ነው፤ ከሰው ካልወሰደች መጫወት አትችልም። ያንዲት ድንች ሻጭ አረማመድ፣ ያንድ ባንክ ጥበቃ አሳሳቅ፣ ያንድ ጡረታ የወጣ ዳኛ ጉሮሮ አጠራረግ፣ ሁሉንም ወስዳ መድረክ ላይ አውላዋለች። ጥበቃው ቲያትሩን አይቶ በራሱ ሳቅ ሆዱን ይዞ ሲስቅ በዓይኗ አይታዋለች። "ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል" እያለች በራሷ ትቀልድ ነበር። ማንም ስላልተጎዳ ቀልዱ ያምር ነበር።

በዚያ ሰሞን ከሰዓት በኋላ ወንበር ስባ እትዬ ፊት ለፊት መቀመጥ አበዛች። እትዬ ደስታዋን አልደበቀችም። "ሚጡ፣ ዛሬም ቤት ዋልሽልኝ!" ትላታለች። ሰባ ዓመት የሞላትን ሴት ሚጡ የሚል ሰው ከእትዬ ሌላ በዚህ ዓለም አልቀረም። ተዋናይቷ ትስቅና ታያለች። እትዬ ቀኝ እጇን በግራዋ አንስታ እንደ ሰው ዕቃ ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጠው፣ ስትረሳው፣ ከጫፉ ሊንሸራተት ሲል መልሳ ስትይዘው ታያለች። ከዚያ መኝታ ቤቷ ገብታ፣ በር ዘግታ መስታወት ፊት ትደግመዋለች።

አንድ ቀን እትዬ ግትርነቷ ተነሳባትና የሻይ ብርጭቆዋን በቀኝ እጇ ልትይዝ ሞከረች። ጣቶቹ እየተንቀጠቀጡ ብርጭቆውን ከበቡት፤ ትንሽ ከፍ አደረጉት፤ ከዚያ አንድ በአንድ ለቀቁት። ትኩሱ ሻይ ጭኗ ላይ ተገለበጠ። ተዋናይቷ ክንዷን ብትዘረጋ ትደርስበት ነበር። አልዘረጋችም። የትኛው ጣት ቀድሞ እንደለቀቀ እያየች ነበር። ፎጣ ፍለጋ ብድግ ያለችው እትዬ "ኧረ ተቃጠልኩ!" ስትል ነው። የዘገየችው አንድ ትንፋሽ ቢሆን ነው። አንድ ትንፋሽ ግን ለሚቃጠል ሰው ብዙ ነው፤ ይህንንም ያን ጊዜውኑ ታውቀው ነበር።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ ትዕይንቱ ፊልሙ ውስጥ እንዲገባ ለባርኔጣ የነገረችው ራሷ መሆኗ ነው። ሰው ሁሉ የሚያለቅሰው እዚያ ጋ ነው።

እንግዲህ በየሄደችበት ያ እጅ ቀድሟት ይደርስ ጀመር። አየር ማረፊያ የተቀበሏት ሰዎች ፊቷን ከማየታቸው በፊት እጇን ያያሉ፤ የሚንቀሳቀስ መሆኑን ሲያዩ ይገረማሉ። አንድ ጋዜጠኛ "ይህንን እጅ ከየት አመጡት?" አላት። "ከሐሳቤ" አለች። ሌላው ጠየቃት፤ አሁንም "ከሐሳቤ" አለች። በሦስተኛው ጊዜ ራሷም ልታምነው ምንም አልቀራት። ባርኔጣ ደግሞ ድራማውን ሲቀርጽ "እማማ፣ እዚህ ጋ እጇን ያድርጉልን" ይላታል። እጇን! የማንን? እሱ የፊልሟን እናት ማለቱ ነው፤ እሷ ግን ቃሉን በሰማች ቁጥር እጅ ከፍንጅ እንደተያዘ ሰው ትደነግጣለች። ነገር ያለበት ዝላይ አይችልም።

ሕሊናዋ ሲቆረቁራት ሻል ትገዛለች። ከአንዱ ከተማ የሱፍ፣ ከሌላው የሐር፣ ከሌላው ጥልፍ ያለው። ሻል መላክ ማለት ምን ማለት እንደሆነ፣ "ሸፍኚው" ማለት እንደሆነ አላሰበችም፤ ወይም አላሰብኩም ብላለች። እትዬ በስልክ እየደወለች ታመሰግናታለች። "ሚጡ፣ ለስንት አንገት ነው የምትልኪው?" ብላ ትስቃለች። አንድ ቀን ደግሞ በስልኩ ምስል ፊቷን አቅርባ፣ "ቆይ እስቲ፣ አንድ ነገር ላሳይሽ" አለቻት።

"እትዬ፣ መኪና ቆሞ እየጠበቀኝ ነው። ነገ እደውላለሁ።"

ነገ ሌላ መኪና ነበር። ከነገ ወዲያ አውሮፕላን።

ዓመቱ ሊገባደድ ሲል ለአዲስ ፊልም ተፈለገች፤ አሁንም እናት፣ አሁንም በሽተኛ። ቀረጻው እስኪጀመር ቤቷ ገባች። ልረፍ ብላ ነው ለሰው የነገረችው። ደረጃውን ስትወጣ ግን "ትንሽ ባያት አይከፋም፣ ሳልረሳው አልቀርም" የሚል ሐሳብ አብሯት ይወጣ ነበር። በሩን ከፍታ ስትገባ እትዬ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የሹራቧን ቁልፍ ትቆልፋለች። በቀኝ እጇ። ቀስ እያለች፣ ምላሷን በጥርሷ ይዛ፣ ግን ትቆልፋለች።

"ይሄንን ነበር ላሳይሽ የፈለግኩት" አለች እትዬ። "ዓመት ሙሉ ጨርቅ ጠቅልዬ ስጨምቅ ነበር። ልጄ በቃሽ ብትለኝ እምቢ አልኩ። እይ!" አለችና ሁለተኛውን ቁልፍ ቆለፈች።

ተዋናይቷ አቀፈቻት፤ "እሰይ! እሰይ!" አለች። እንባዋም መጣ። ግን ከእንባው በፊት፣ እንደ ዓይን ጥቅሻ ፈጥኖ፣ ሌላ ነገር ሽው ብሎባት ነበር። "አሁን ከማን ልወስድ ነው?" የሚል። ራሷን ጠላች። ሰው እህቱ ስትድን ይከፋዋል? እንዲህ ያለውን ሰው መድረክ ላይ አምጪልን ብትባል እንኳን አጋነናችሁ ብላ ትመልሰው ነበር።

ፊልሙ በከተማው ሲኒማ ቤት ተመልሶ መታየት የጀመረው በዚያው ሳምንት ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ከተማው በሙሉ ስለዚያ እጅ ሲያወራ የእጁ ባለቤት እትዬ ብቻ ምንም አልሰማችም። ቤት የሚመጣ እንግዳ የለ፣ እሷ አትወጣ። ሰው በስልክ ሲነግራት የሰማችው "እህትሽ አገር አስለቀሰች" የሚለውን ብቻ ነው። እና አሁን "እኔስ የእህቴን ፊልም ሳላይ ልሙት?" አለች።

ተዋናይቷ ያልፈጠረችው ምክንያት የለም። ድምፁ ይጮኻል አለች። ደረጃ አለው አለች። ወንበሩ ወገብ ይጎዳል፣ ፊልሙም እንደሚወራው አይደለም፣ ትንሽ ይሰለቻል አለች። "እህ! ሰውን ሁሉ ያስለቀሰው በመሰልቸቱ ነው?" አለች እትዬ። ደረጃውን ደግሞ ልጇ ደግፋ ታወጣታለች። ልጇ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ ዝምተኛ ናት። ተዋናይቷ ወጥ ቤት ጠራቻትና በሩን ገርበብ አድርጋ፣ "ባክሽ አትውሰጃት፤ ብርድ ይመታታል" አለቻት።

"አክስቴ" አለች ልጅቷ፣ የምታጥበውን ሰሃን ሳትለቅ። "ፊልሙን አይቼዋለሁ። የመጀመሪያ ቀን ነው ያየሁት።"

ተዋናይቷ በሩን ጨርሳ ዘጋችው።

"ለእማዬ አልነገርኳትም። እኔ አልነግራትም። ግን እዚያ ጨለማ ውስጥ በድንገት ከምታየው አንቺ ብትነግሪያት አይሻልም? አንድ ሁለት ቀን አለሽ።"

ልጅቷ ያለችው እውነት ነበር፤ እውነት ደግሞ ከትንሽ ሰው ሲመጣ ይበልጥ ያሳፍራል። ተዋናይቷ በዚያ ቀን እትዬ ፊት ለፊት ተቀመጠች። "እትዬ፣ ስለ ፊልሙ..." አለች። "አትንገሪኝ! ታሪኩን ከነገርሽኝ ምኑን አያለሁ?" ተባለች። እሷም ተከለከልኩ ብላ ዝም አለች። ልብ አድርጉ፤ አርባ ዓመት በቃል የኖረች ሴት ናት፣ መናገር ብትፈልግ ቃል አይጠፋትም ነበር። ከዚያ ወዲያ ጥፋቱን የምትለጥፍበት ሰው ስታጣ፣ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ እንዲሉ፣ ባርኔጣን ረገመች። ያ ምስኪን ምን አደረገ? ትወና ብቻ ነው የጠየቃት።

ቀኑ ደረሰ። እትዬ ራሷ የሰፋችውን፣ ስንት ዘመን ያልለበሰችውን ቀሚስ ለበሰች። ተዋናይቷ ከሻሎቹ አንዱን፣ የሐሩን፣ አምጥታ ትከሻዋ ላይ ልትጥልላት ስትል እትዬ በቀኝ እጇ ገፋ አደረገችው። "ተዪው ሚጡ። ዛሬ እንዲሁ ነው የምወጣው።" ከዚያ ሁሉ ጊዜ በኋላ እትዬ እጇን ገልጣ መንገድ ወጣች። ጎረቤት ሰላም አላት፤ ቀኝ እጇን ዘርግታ ጨበጠችው። ተዋናይቷ ከኋላ እየተከተለች፣ "አሁን ልንገራት፤ አይ፣ መንገዱን ስንሻገር" ትላለች። መንገዱን ተሻገሩ። ሲኒማ ቤቱም ደረሱ።

ፊልሙ ተጀመረ። መጀመሪያ ላይ እትዬ "አንቺ አይደለሽ? አረጀሽ እኮ!" እያለች በክርኗ ትነካካት ነበር። ከዚያ በስክሪኑ ላይ ያች እናት ቀኝ እጇን በግራዋ አንስታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። እትዬ መነካካቱን ተወች። እጁ ሲረሳ፣ ሲንሸራተት፣ በሻል ሲሸፈን፣ አዳራሹ በየቦታው አፍንጫውን ይጠርግ ጀመር። ከኋላቸው የተቀመጠች ሴት "ምስኪን፣ ምስኪን" ትላለች። ሻይው ሲደፋ ሕዝቡ በአንድ አፍ "ውይ!" አለ። ተዋናይቷ ስክሪኑን አላየችም፤ የእህቷን ፊት ብቻ አየች። እትዬ አላለቀሰችም። ጀርባዋን አቅንታ፣ መለኪያ ላይ እንዳለች ደንበኛ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ቀኝ እጇ ቀሚሷ እጥፋት ውስጥ ገብቶ ጠፍቷል።

መብራት ሲበራ ሰው አወቃትና ከበባት። እጇን የሚስም፣ ፎቶ የሚጠይቅ፣ "እናቴን አስታወሱኝ" ብሎ የሚያለቅስ። ተዋናይቷ በሰው ትከሻ ላይ አንገቷን አስግጋ ስትፈልግ እትዬ ከልጇ ጋር ግድግዳውን ተጠግታ ቆማለች። ማንም ዞር ብሎ አላያትም። ሰው እየገፋት አለፈ።

ልጅቷ ቤት አድርሳቸው ወደ ሥራዋ ሄደች፤ ሆን ብላ ይሁን ሰዓቷ ደርሶ እግዜር ይወቅ። እትዬ መስኮቱ ሥር ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ተዋናይቷ እንደ ድሮው ወንበር ስባ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች።

"ቆንጆ ነው" አለች እትዬ።

"እትዬ፣ እኔ..."

"ቆይ፣ አልጨረስኩም። ቆንጆ ነው፤ ግን አበላሽተሽዋል። እጄን ስታነሺው ታዝኚለታለሽ። እኔ አንድ ቀን አዝኜለት አላውቅም። ተናድጄበት ነበር የማነሳው። ብችል ቆርጬ በመስኮት እጥለው ነበር። ያ ሁሉ ሰው ሲያለቅስ 'ይሄ የማን ሐዘን ነው?' እያልኩ ነበር።"

ተዋናይቷ ዓመቱን ሙሉ ይዛው የዞረችው ነገር ከእጇ ሲወድቅ ተሰማት። በዚያ ሐዘን ነው የተሸለመችው፣ የተጨበጨበላት፣ አገር ለአገር የዞረችው። ወስዳለች፤ የወሰደችው ግን ምን እንደሆነ እንኳን አላወቀችም።

"ይቅር በዪኝ። መጠየቅ ነበረብኝ፤ ማስፈቀድ..."

"ብታስፈቅጂኝ እከለክልሽ ነበር። እሱንስ አውቀሽ ነው የተውሽው።" እትዬ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። "ልጅቷ ግን ጎበዝ ናት። ፊልሙ ላይ ያለችው፣ ልጇ ሆና የምትጫወተው። ሻይው ሲደፋ ፎጣ ይዛ ሮጠች። ቶሎ ደረሰች።"

መሬት ተከፍታ ብትውጣት ተዋናይቷ አመስግና ትገባ ነበር።

"አይታኛለች ብለሽ አላሰብሽም፤ እኔ ግን አይቼሻለሁ ሚጡ። በዚያ ሁሉ ቀን ፊቴ ተቀምጠሽ እጄን ስታዪ አይቼሻለሁ። ለፊልም ነው ብዬ በየት አስቤ! ልትጠይቀኝ ፈልጋ አፍራ ነው አልኩ። ዛሬ ትጠይቀኛለች፣ ነገ ትጠይቀኛለች እያልኩ ሻሌን እንኳን ላንቺ ስል አነሳሁት። ብርጭቆውንም ያነሳሁት ለዚያ ነው፤ ካየች ትጠይቀኛለች ብዬ። አንድ ጥያቄ እኮ ነው።"

ተዋናይቷ የትኛው ጥያቄ እንደሆነ አልጠፋትም። ሐኪም የሚጠይቀው፣ ጎረቤት የሚጠይቀው፣ ሕፃን ልጅ እንኳን የወደቀ ሰው ሲያይ የሚጠይቀው ነው። ወንበሩን ትታ እህቷ እግር ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ጉልበቷ ተንቋቋ።

"ያምሻል፣ እትዬ?"

እትዬ ቀኝ እጇን ከቀሚሷ እጥፋት አወጣችና አየችው። ጣቶቿን ዘረጋች፣ መልሳ ሰበሰበች።

"አሁን አያመኝም" አለች። "ያኔ ነበር የሚያመኝ።"